ቡላና ሦስተኛው ልመና

አዴ ዘይቱና ዳክዬዎቹን ካዱ።

«ዳክዬ? የምን ዳክዬ?» አሉ በራቸው ላይ ቆመው። «እኔ ዳክዬ የለኝም፣ ልጄ። ምን እንደሚመስልም አላውቅ።»

ይህን ሲሉ ስድስት ዳክዬዎች ከጓሮ ተሰልፈው መጥተው እግራቸው ሥር ቆመው ነበር። አንደኛዋ የቀሚሳቸውን ጠርዝ በአፏ ይዛ ትጎትታለች።

መርሻ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ እንደያዘ ዳክዬዎቹን አየ፤ ቀጥሎ ሴትዮዋን አየ፤ ቀጥሎ መሬቱን አየ። ሰው ፊት ለፊቱ ሲዋሽ ማየት ይጨንቀው ነበር። የሚዋሸው ሌላ ሰው ቢሆንም የሚያፍረው እሱ ነው።

«እነዚህስ?» አለ በመጨረሻ፣ ጥያቄው እንዳይከብዳቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አዴ ዘይቱና ወደ ታች አዩ። «እነዚህ መንገደኞች ናቸው» አሉ።

እውነቱን ለመናገር አይፈረድባቸውም። ከሳምንት በፊት በዋናው መንገድ ላይ ከብት፣ ዶሮም ሆነ ሌላ እንስሳ እንዳይለቀቅ በአሰላ ከተማ ውስጥ ታውጇል። ኮት ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቶ ደጃፍ ላይ የሚቆም ሰው ደግሞ ለደግ ነገር መጥቶ አያውቅም። መርሻ ኮትም እስክሪብቶም ነበረው።

«አዴ ዘይቱና፣ ልቀጣዎት አይደለም የመጣሁት። ዳክዬዎቹን እንዲያውሱኝ ልለምንዎት ነው።»

«ልትበላቸው?»

«ኧረ በማርያም! ውሻ እንዲያያቸው ነው።»

አዴ ዘይቱና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዳክዬዎቹን ከኋላቸው ከለሉ።

«እንግዲያውስ የኔ ናቸው!» አሉ።

ነገሩን ለማስረዳት መርሻ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆመ። ውሻው የመጣው ከአንድ የውጭ አገር የመንገድ መሐንዲስ ነው። መሐንዲሱ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የአንድ ዓመት ወጣት ውሻውን መርሻ በጸሐፊነት ለሚሠራበት መሥሪያ ቤት አለቃ ለአቶ ወልደጻድቅ አበረከተላቸው። ዘሩ ተመትቶ ውኃ ላይ የወደቀ ወፍ ዋኝቶ የሚያመጣ፣ ያመጣውንም ላባ ሳያጎድል በእጅ የሚያስረክብ ነው ተባለ። ያወጡለት የፈረንጅ ስም ለማንም አፍ ስላልተመቸ፣ በጠጉሩ መልክ ቡላ ተባለ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። ዳክዬ ካየ፣ ጥይት ሳይተኮስ፣ ማንም ሳያዘው፣ ተወርውሮ ይሄዳል። ዳክዬዎቹም ይበራሉ። አደኑም እዚያው ላይ ያበቃል። መሐንዲሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሳለ እንኳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ዝም ብሎ መቀመጥ ይማር! መጀመሪያ መቀመጥ!» እያለ ነበር።

አቶ ወልደጻድቅ መርሻን ቢሯቸው ጠሩት።

«አንተ ትዕግሥተኛ ሰው ነህ» አሉት። ይህን ያሉት መርሻ እምቢ ሲል ሰምተው ስለማያውቁ ነው። «በጥቅምት መጨረሻ ፊታውራሪ ፍሰሐ ለቁጥጥር ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። አደን ይወዳሉ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳክዬ ላስተኩሳቸው አስቤአለሁ። ውሻው የዚያን ዕለት እንደ ሐውልት መቀመጥ አለበት።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

አቶ ወልደጻድቅ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ደብዳቤ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «አቦምሳ ላለው ቅርንጫፍ አንድ ጸሐፊ እንድልክ ታዝዣለሁ። ስም ገና አልጻፍኩም። ውሻው ካዋረደኝ ግን የምጽፈውን አውቃለሁ።»

መርሻ አቦምሳን የሚጠላበት ምክንያት አልነበረውም፤ አይቶትም አያውቅ። ነገር ግን ከአሰፋሽ ጋር ከተጋቡ ገና ስምንት ወራቸው ነው። አሰፋሽ አሰላ ተማሪ ቤት ታስተምራለች፤ ዓመቱ ሳያልቅም አትለቀቅም። እሱ ከሄደ እሷ ትቀራለች፤ የሚገናኙትም በበዓል በበዓል፣ በጭነት መኪና አናት ላይ ተሳፍሮ መምጣት ሲችል ነው። ዳክዬ ፍለጋ ከቤት ቤት የሚዞረው ለዚህ ነበር። በከተማው ውስጥ ዳክዬ ያላቸው አዴ ዘይቱና ብቻ ናቸው፤ አንድ የጣሊያን መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው ሄዶ ነው።

አዴ ዘይቱና ነገሩን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ሚስትህ ያቺ ድምፅ የሌላት አስተማሪ ናት?» ብለው ጠየቁ።

«እሷ ናት።»

«እንግዲያስ እሺ። ግን ውሻው ከአጥሬ አይገባም። ምራቁ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ አለብኝ፤ እኔ ደግሞ ወገቤን ያመኛል። ዳክዬዎቼንም የምነዳው እኔው ነኝ።»

ትምህርቱ በማግስቱ ከአጥሩ ውጭ፣ ቦይ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ተጀመረ። መርሻ የቡላን ገመድ ወገቡ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመ። ቡላን አስቀመጠው፤ ቡላም ደኅና አድርጎ ተቀመጠ። አዴ ዘይቱና በልምጭ እየነዱ ዳክዬዎቹን አሳለፉ። መርሻ «ቁጭ በል!» ለማለት አፉን ከፈተ። ቃሉን የጨረሰው ቦዩ ውስጥ ነው።

«ልጄ» አሉ አዴ ዘይቱና ከላይ ሆነው ቁልቁል እያዩት፣ «የሚያስተምረው የትኛችሁ ነው?»

አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። መርሻ ቢቆጣ ቡላ ጅራቱን ይቆላል። ገመዱን ባሕር ዛፍ ላይ ቢያስረው ገመዱ ይበጠሳል። መርሻ በየቀኑ ጭቃ ጭኖ ቤቱ ይገባል። አሰፋሽ ኮቱን ተቀብላ እያራገፈች፣ «ዛሬስ ቦዩ ጥልቅ ነበር?» ትለዋለች፤ ሌላ አትጨምርም። እሷ በቀን የምትናገረው ለተማሪዎቿ ያልቃል ይባል ነበር። ሰው ፊት፣ በተለይ ወንዶች ባሉበት፣ የአሰፋሽን ድምፅ የሰማ ጥቂት ነው።

መፍትሔው የተገኘው አንድ ቀን ምሳ ላይ ነው። ቡላ የሚያድረው እነሱ ግቢ ነበርና መርሻ አጥንት ወረወረለት። አጥንቱ መሬት አልደረሰም። ቡላ ቆርጥሞ ሲያበቃ የመርሻን እጅ፣ በኋላም የአሰፋሽን ሳህን ተመለከተ።

«ባለጌ!» አለ መርሻ።

ይህን ሲል የሟች አባቱ ድምፅ ከገዛ አፉ የወጣ መሰለው። አባቱ ቡልጋ ውስጥ በጨዋነታቸው የታወቁ ቁጡ ሰው ነበሩ። ሰው ቤት ይዘውት ሲሄዱ በር ላይ አቁመው እንዲህ ይሉት ነበር፦ «መጀመሪያ ብላ ሲሉህ፣ ጠግቤአለሁ በል። ሁለተኛ ብላ ሲሉህ፣ እግዜር ይስጥልኝ በል። በሞቴ ካሉህ ግን የሰው ሞት ነውና ብላ።» መርሻ በዚህ ትምህርት ብዙ ጊዜ ጦሙን አድሯል፤ አንዳንዱ ቤት ሁለቴ ብቻ ነው የሚለምነው። ነገር ግን ያን ትምህርት እስከ ዛሬ አልረሳም።

«ውሻው ዳክዬ አይደለም የጎደለው» አለ ለሚስቱ። «ይሉኝታ ነው የጎደለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሳው አጥንት ቡላ ፊት ይቀመጥ ጀመር። መርሻ «ብላ» ይላል፤ ቡላ ሲንቀሳቀስ አጥንቱን በባርኔጣው ይከድነዋል። «ብላ እንጂ» ይላል፤ አሁንም ይከድነዋል። በመጨረሻ ባርኔጣውን አንስቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደሚገባው በልመና ድምፅ፣ «በሞቴ!» ይለዋል። ያኔ ቡላ ይበላል። በአሥር ቀን ውስጥ ባርኔጣው አላስፈለገም። ቡላ ምራቁ እንደ ክር እየተዝረበረበ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ፣ የማይፈልግ መስሎ መቀመጥ ቻለ። ቡልጋ ቢወለድ እንኳ ከዚህ አይበልጥም ነበር።

ጎረቤታቸው በቀለች ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉንም ትሰማለች፤ አታይም እንጂ። አንድ ቀን አሰፋሽን ውኃ ቧንቧው ላይ አግኝታ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «አንቺስ ታድለሻል!» አለቻት። «በየምሳው በሞቴ፣ በሞቴ እያለ የሚያጎርስ ባል! የኔው ቢሆን ብሞትም አይለኝ።» አሰፋሽ ውሻው ነው ለማለት አፈረች፤ አዎ ለማለትም አፈረች። እንስራዋን አዝላ ቶሎ ሄደች። በማግስቱ የአካባቢው ባሎች መርሻን ሰላም አላሉትም።

ትምህርቱ ከቤት ወደ ሜዳው ሲዛወር አዴ ዘይቱና ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ዳክዬዎቹ አለፉ፤ ቡላ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተነሳም። እንደገና አለፉ። ቆየት ብሎ ደፍረው በፊቱ ይመላለሱ ጀመር፤ አንደኛዋማ የፊት እግሩን ረግጣው ሄደች። ከዚያ መርሻ ላባ የተሰፋበት ጨርቅ ቦዩ ውስጥ ወረወረና፣ «ሂድ» አለ። ቡላ ተቀመጠ። «ሂድ እንጂ።» ቡላ ሰማዩን አየ። መርሻ ግራ ቀኝ ተመልክቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጆሮው፣ «በሞቴ ሂድ» አለው። ቡላ እንደ ጥይት ሄዶ ጨርቁን አምጥቶ እጁ ላይ አኖረለት።

«ሱብሃነላህ!» አሉ አዴ ዘይቱና። «ይሄ ውሻ ከአማቼ ይሻላል። አማቼ ቢስሚላህ ሳይባል እጁ ሳህኑ ውስጥ ነው።» ቀጥለውም ሳቁ። «ግን አንተ፣ ለውሻ በሞቴ ትላለህ? ለሚስትህ ምን ታስቀርላታለህ?»

አሰፋሽም በበኩሏ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ከአደኑ በፊት በነበረው ዓርብ፣ ለእንግዶቹ ምሳ የሚሆነውን ዶሮ እያሰናዳች ነበር፤ የአቶ ወልደጻድቅ ባለቤት ለቅሶ ሄደው ስለነበር ምሳው በእሷ ላይ ወድቋል።

«አቶ ወልደጻድቅ ሦስት ጊዜ ይለምናሉ?» አለች።

«ማንን?»

«ቡላን።»

መርሻ ሳቀ። «አቶ ወልደጻድቅ እኮ የጨዋ ልጅ ናቸው። አንዴ ጠርቶ ዝም የሚል ጨዋ የት አለ?»

አሰፋሽ ሽንኩርቱን መክተፏን ቀጠለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት መኪኖች ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ወርደው ረግረጉ ዳር ቆሙ። ፊታውራሪ ፍሰሐ ሽማግሌ፣ ወፍራም፣ የሚስቁ ሰው ናቸው። አቶ ወልደጻድቅ በተወለወለ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃቸውና በአዲስ ቡትስ ጫማቸው ተውበዋል። አሰፋሽ ከምሳው ቅርጫት አጠገብ ራቅ ብላ ተቀመጠች። መርሻ ቡላን ይዞ ከሹማምንቱ ኋላ ቆመ።

ዳክዬዎቹ ከደንገሉ መሐል ሲዋኙ ታዩ። ቡላ አያቸው። አልተነሳም። አቶ ወልደጻድቅ ዘወር ብለው ለመርሻ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ መርሻም ትዳሩ የተረፈለት መሰለው።

ወፎቹ ተነሡ። አቶ ወልደጻድቅ ተኩሰው ሳቱ። ፊታውራሪ ተኩሰው መቱ፤ አንዲት ዳክዬ ውኃው ላይ ወደቀች። ቡላ አሁንም አልተነሳም።

«እዩት እንግዲህ፣ ጌታዬ!» አሉ አቶ ወልደጻድቅ በኩራት። እጃቸውንም ዘርግተው፣ «ሂድ!» አሉ።

ቡላ ጨዋ ነውና ዝም አለ።

«ሂድ አልኩህ!»

ቡላ ፊቱን ወደ ጭላሎ ተራራ መለሰ።

ዳክዬዋ ውኃው ላይ ቀስ እያለች ትዞራለች። አቶ ወልደጻድቅ ጠበቁ፤ ቡላም ጠበቀ። እያንዳንዱ የሚጠብቀው ሌላውን ነበር።

«ታሟል እንዴ?» አሉ ፊታውራሪ።

አቶ ወልደጻድቅ ወደ መርሻ ዞሩ። ፊታቸው የተፈጨ በርበሬ መስሏል። «ምን አድርገህብኝ ነው? ቁጭ እንዲል አስተምር ብልህ ተክለህልኝ ኖሯል?»

«ጌታዬ… አንድ ቀርቷል» አለ መርሻ።

«ምን ቀርቷል?»

«ልመና።»

«ምን?»

«ሦስተኛው፣ ጌታዬ። በሞቴ ካልተባለ አይሄድም። አጉል ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ መሄዱንስ ይፈልጋል።»

«እኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ወልደጻድቅ፣ በፊታውራሪ ፊት፣ ለውሻ በሞቴ ልል?»

ለመርሻ ነገሩ እስከዚች ደቂቃ ድረስ እንዲህ ሆኖ አልታየውም ነበር። ከቅርጫቱ አጠገብ አሰፋሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትስብ አየ። አቦምሳም በሐሳቡ መጣበት፤ አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳህን።

ያን ጊዜ ፊታውራሪ ፍሰሐ ጠመንጃቸውን ለሾፌራቸው አስያዙና፣ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ቡላ ፊት ጎንበስ አሉ።

«አያ ቡላ» አሉት። «በሞቴ!»

ቡላ ዓይኑን ከተራራው መለሰ። ሽማግሌ ሞታቸውን ሲያነሡ እምቢ የሚል አስተዳደግ አልነበረውም። ዘሎ ውኃው ውስጥ ገባ፤ ዳክዬዋን ይዞ ዋኝቶ መጣና ፊታውራሪ እጅ ላይ ላባዋ ሳይጎድል አኖራት።

ፊታውራሪ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ከስንቱ ሹም ይሻላል! ስንቱን አውቃለሁ፣ ሳይጠራ የሚሮጥ!» ሦስት ጊዜ ደግመው ተኮሱ። አንደኛውን ስተዋል፤ ግን በሳቱትም ጊዜ በሞቴ አሉ፤ ቡላም ለክብራቸው ሲል ገብቶ ዋኝቶ ባዶ አፉን ተመለሰ። የተገደሉትን ዳክዬዎች ከመሐላቸው የሚበላ ሰው ስላልነበረ ሣሩ ላይ ተደርድረው ቀሩ፤ የተበላው የአሰፋሽ ዶሮ ነው።

ምሳው ሊያልቅ ሲል ፊታውራሪ የቡላን ራስ እየደባበሱ፣ «ይህን የመሰለ ውሻ አይቼ አላውቅም» አሉ።

እንዲህ ከተባለ በኋላ ጨዋ ሰው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይውሰዱት፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«ኧረ አይሆንም። የእርስዎ ነው።»

«የኔ የእርስዎ አይደል? ይውሰዱት።»

«ተዉ፣ ተዉ። አላደርገውም።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ሁሉም በሰላም ይለያይ ነበር። ነገር ግን አቶ ወልደጻድቅም እንደማንኛውም የጨዋ ልጅ ያደጉ ናቸው፤ አፋቸው የለመደውን መንገድ ሄደ።

«በሞቴ!» አሉ።

ፊታውራሪ እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ በሞቴ ካሉማ ምን አደርጋለሁ?»

ቡላ በፊታውራሪ ላንድሮቨር የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አቶ ወልደጻድቅ ፈገግ ብለው በሩን ዘጉለት፤ ፈገግታቸው እዚያው ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። በመርሻ አጠገብ ሲያልፉ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ «አቦምሳ ይሞቃል። ኮት አትያዝ» አሉት።

መኪናው ሊነሣ ሲል ፊታውራሪ በመስኮት መርሻን ጠሩት። «ውሻውን ያስተማርከው አንተ ነህ አሉ። ተናገር፤ ምን ላድርግልህ?»

መርሻ ባርኔጣውን አወለቀ። ከአንድ ወር ጀምሮ ሌሊትም ቀንም የሚያስበው ነገር ምላሱ ላይ ነበር። «ምንም፣ ጌታዬ» አለ።

«ምንም? ለልፋትህ እንጂ! ተናገር።»

«የእርስዎ ጤና ይበቃኛል።»

ቀጥሎ በሞቴን ጠበቀ። አንገቱን ደፍቶ፣ ባርኔጣውን ይዞ፣ ጠበቀ።

«እንግዲያስ እግዜር ይስጥህ» አሉ ፊታውራሪ፤ ለሾፌሩም ምልክት ሰጡ። ሞተሩ ተነሣ። መርሻ ቆሞ ቀረ። የኋላው ወንበር ላይ ቡላ በመስታወቱ ያየዋል።

«አቦምሳ እንዳይልኩት ነው የሚፈልገው!»

ሁሉም ዞሩ። መርሻ ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ እሱም ዞረ። አሰፋሽ የዶሮ ድስት አቅፋ መንገዱ መሐል፣ ከመኪናው ፊት ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ፊታውራሪ አንገታቸውን አወጡ። «አንቺ ማነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ» አለች። «እዚህ አስተምራለሁ። እሱ ከተላከ እኔ መሄድ አልችልም። ሦስቴ ካልተለመነ አይናገርም፤ እርስዎ ሁለቴ ብቻ ነው የጠየቁት።»

ፊታውራሪ እሷን አዩ፤ መርሻን አዩ፤ ወደ ኋላ ዞረው ቡላንም አዩ። ከዚያ አቶ ወልደጻድቅን ጠሩ።

«ለአቦምሳ ሰው ጽፈዋል?»

«ገና ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ይህ ሰው አይሁን።»

«እሺ» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፤ እሳቸው በአንድ ጊዜ እሺ አሉ።

ላንድሮቨሩ ሄደ። አቶ ወልደጻድቅም በመኪናቸው ብቻቸውን ሄዱ። መርሻና አሰፋሽ ሳህኖቹን ሰብስበው፣ ቅርጫቱን ለሁለት ይዘው፣ በእግራቸው ወደ ከተማ ወጡ። ሰኞ ጠዋት የዝውውሩ ዝርዝር በመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ወደ አቦምሳ የተላከው ደመቀ የሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር።